ጭብጨባ የበዛበት ሰልፍ

ልጆች፣ እስኪ ቁጭ በሉ። ይህ ታሪክ መቆም የበዛበት ነውና እኛ እንኳ ቁጭ ብለን እንስማው።

ትርንጎ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ወልቋል።

አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ሰማያዊ ሹራብ ወድቆ አገኘች። የማን እንደሆነ ስላላወቀች ወስዳ ለመምህሯ ለቲቸር አስናቀች ሰጠች።

ቲቸር አስናቀች ሹራቡን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። ወድቆ የተገኘ ዕቃ የሚመለሰው በማግስቱ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ ነበር።

ጠዋት ባንዲራ ተሰቀለ፣ መዝሙር ተዘመረ። ከዚያ ቲቸር አስናቀች ትርንጎን ወደ ፊት ጠሯት።

«ትርንጎ የሰው ዕቃ አግኝታ መልሳለች። አጨብጭቡላት» አሉ።

ጨብ! ጨብ! ጨብ!

ትርንጎ ደስ አላት። ጆሮዋ እስኪሞቅ ድረስ ደስ አላት።

የተሰለፉት ልጆች ግን «እኔስ?» ብለው አሰቡ። ሁሉም መጠራት አማራቸው።

በማግስቱ ሦስት ልጆች ዕቃ አገኙ። አንዱ ላጲስ፣ አንዷ የፀጉር ማስያዣ፣ አንዱ ደግሞ ግማሽ እርሳስ።

ጨብ! ጨብ! ጨብ!

በሳምንቱ ዕቃ ያገኙት አሥራ አምስት ሆኑ። አንዱማ ኮፍያውን ከታናሽ ወንድሙ ጭንቅላት ላይ አንሥቶ «ወድቆ አገኘሁት» አለ።

ጨብ! ጨብ! ጨብ!

ሰልፉ ረዘመ። ፀሐይዋም ከረረች።

እጅ ደከመ፣ እግር ደከመ፣ ጭብጨባው ግን አላለቀም።

ቲቸር አስናቀችም ደከሙ። ስም ሲጠሩ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ።

ትርንጎም ደከማት። ቢደክማትም አንድ ጊዜ ደግማ መጠራት ፈለገች።

ከወንበር ሥር ፈለገች፣ ከበር ኋላ ፈለገች፣ ከቧንቧው አጠገብም ፈለገች። ምን ይገኛል? ሁሉም ልጅ እየፈለገ ነዋ!

ሐሙስ ጠዋት ክፍል ውስጥ፣ ከዴስክ ሥር፣ ቀይ ምሳ ዕቃ አየች። ክዳኑ በላስቲክ ታስሯል።

የማን እንደሆነ ደህና አድርጋ ታውቃለች። አጠገቧ የምትቀመጠው የጓደኛዋ የእመቤት ነው፤ እመቤት ውሃ ልትጠጣ ወጥታለች።

«እመቤት፣ ምሳ ዕቃሽ ወድቋል» ብትላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ለዚህ ግን ማንም አያጨበጭብም።

ትርንጎ ምሳ ዕቃውን አንሥታ ሮጠች። ቲቸር አስናቀች የማን እንደሆነ ሲጠይቋት «አላውቅም» አለች።

ቀጭ! ቁም ሣጥኑ ተቆለፈ።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የተንጠለጠለውን ብረት መቱ፤ ኳ! ኳ! ኳ!

እመቤት ቦርሳዋን ከፈተች፤ የለም። ከዴስኩ ሥር አየች፤ የለም።

ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ አድርጋ ተኛች።

ትርንጎ ከራሷ ምሳ ልታካፍላት ፈለገች። እመቤት አልራበኝም አለች፤ ሆዷ ግን ጉር… ጉር… አለ።

«እናቴ ዛሬ እንቁላል ጨምራልኝ ነበር» አለች እመቤት ቀስ ብላ።

ትርንጎ መብላቷን አቆመች።

ምሳ ዕቃዋን ከድና ወጣች። ግቢው ዛሬ ረጅም ሆነባት።

ቲቸር አስናቀች በመምህራን ክፍል ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ቲቸር፣ ምሳ ዕቃው የእመቤት ነው» አለች ትርንጎ። «ሳነሣውም አውቅ ነበር።»

ቲቸር አስናቀች አልተቆጡም። በረጅሙ ተነፈሱ።

«እንዲጨበጨብልሽ ብለሽ ነው?»

ትርንጎ አቀረቀረች። «አዎ።»

«እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ ቲቸር አስናቀች። «የሰው ዕቃ መመለስ ደህና አደራችሁ እንደማለት ነው። ደህና አደራችሁ ላለ ሁሉ ይጨበጨባል እንዴ?»

ተነሥተው ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። ውስጡ ላጲስ በላጲስ፣ ኮፍያ በኮፍያ ሆኗል፤ አንድ እግር ጫማም አለ። ባለቤቱ እንዴት አድርጎ ቤቱ ገባ ይሆን?

ቲቸር አስናቀች ቀዩን ምሳ ዕቃ ለትርንጎ ሰጧት። ለእመቤትም ራሷ እንድትነግራት አዘዟት።

መንገር ከባድ ነበር። ሹራብ ከመመለስ በጣም ይከብዳል።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። የአንቺ እንደሆነ እያወቅሁ ነው። ይቅርታ» አለች ትርንጎ።

እመቤት ምሳ ዕቃዋን ተቀበለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ በላች።

ትርንጎ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ጠበቀች፣ ጠበቀች።

እመቤት ስትጨርስ ዞር ብላ «ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አለች። ትርንጎ ሁለተኛ እንደማታደርገው ነገረቻት።

አርብ ጠዋት ባንዲራ ተሰቀለ፣ መዝሙር ተዘመረ። ቲቸር አስናቀች ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ ያገኘ ለባለቤቱ እንዲሰጥ፣ ባለቤቱን ያላወቀ ወደ እሳቸው እንዲያመጣ ተናገሩ።

ስም አልተጠራም። አንዳንድ ልጆች አኮረፉ፤ እግሮቻቸው ግን ደስ አላቸው።

አመሻሽ ላይ የትርንጎ እናት ከሥራ ገባች። ቀኑን ሙሉ ዳቦ ቤት ቆማ ስትሸጥ ስለዋለች ደክሟታል። እራት ከበሉ በኋላ ከልጇ ጎን ጋደም አለች።

ትርንጎ ሁሉንም ነገረቻት፤ «አላውቅም» ያለችውንም ሳትደብቅ።

«ለእመቤት መንገሩ ከበደሽ?» አለች እናቷ።

«አዎ እማዬ። በጣም ደከመኝ።»

እናቷ አላጨበጨበችም። በሁለት እጆቿ ትርንጎን ጥብቅ አድርጋ አቅፋት ነበራ።