የሉክሰምበርግ ምርጫ በአሌክሳንድሪያ

ብሩክታይት ክላስ የምትገባው ከሥራ በቀጥታ ነበር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ስትሠራ ትውልና፣ ቤቷ ወዳለበት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመመለሷ በፊት እዚያው ሰፈር ኮሌጅ ታሪክ ትማራለች። ያን ቀን መምህሩ ጠረጴዛዎቹን እንደ አዳራሽ ደርድረው ተማሪዎቹን ጠበቁ።

«ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ተመልሰን ሉክሰምበርግ ነን» አሉ። «ለምርጫ የቀረበው የፓርላማው ከፊል ወንበር ብቻ ነው። ከፊሉ አገር ይመርጣል፣ የቀረው ተራውን ይጠብቃል። ሴቶች አይመርጡም። በቂ ግብር የማይከፍል ድሃም አይመርጥም።»

ዕጣ ተጣለ። ለብሩክታይት የቤት ሠራተኛ መሆን ደረሳት። ከኋላዋ የሚቀመጠው ዘርትሁን ደግሞ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ዕጩ ሆነ። ተርሙን ሙሉ ከ«ሰላም ነው?» አልፈው አያውቁም። እሷ ግን ሳቁን ከሌላው ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች።

ዘርትሁን ተነስቶ ደመወዝ እንደሚያስጨምር፣ የሥራ ሰዓት እንደሚያስቀንስ ቃል ገባ። ብሩክታይት እጇን አወጣች።

«እኔስ?»

ክፍሉ ሳቀ። «አንቺ እኮ አትመርጪም!» አለ አንዱ።

«ለዚህ ነዋ የምጠይቀው። ዘንድሮ የማይመርጠው የአገሩ ክፍል ተራው ይደርሰዋል። የእኔ ተራ መቼ ነው?»

ዘርትሁን የያዘውን ወረቀት አጠፈና አያት። ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም፤ ፊቷ ጋለ።

«ነይ» አላት በአማርኛ፣ ሌላው እንደማይገባው ረስቶ። «እዚህ ቆመሽ ተናገሪ።»

ወጣች። ምን እንዳለች በኋላ በቅጡ ማስታወስ አቃታት፤ ጭብጨባው ብቻ ነው ጆሮዋ ላይ የቀረው። ድምፅ ሲቆጠር ግን ግብር ከፋይነት የደረሳቸው ተማሪዎች በንግግሯ ደንግጠው ኖሮ ዘርትሁን በአንድ ድምፅ ተሸነፈ።

«ጉድ ሠራሁህ!» አለችው ወደ መኪና ማቆሚያው ሲወጡ፣ ሳቋ እያመለጣት።

«በናትሽ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም። ነይ፣ ሜትሮ ባቡሩ ጋ ላድርስሽ።»

ሜትሮው ጋ ደርሰው አለፉት። ሁለቱም አይተውታል።

የወንዙን ድልድይ ሲሻገሩ «በሚቀጥለው ወር ዳላስ ሙቭ እናደርጋለን» አለች ድንገት። «አባዬ እዚያ ቤት ገዝቷል።»

የዘርትሁን እጅ መሪው ላይ ጠበቀ። «አንቺ ምን አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ ልጠይቅሽ። አንቺ የት መሆን ነው የምትፈልጊው?»

በመስኮቱ ወንዙን አየች።

«እዚህ» አለች። ወደ እሱ ዞር ብላ «አጠገብህ» አለች።

መኪናው መስመሩን ሊስት ምንም አልቀረው።

የዚያኑ ዕለት እራት ላይ ለአባቷ ለአቶ ተሻገር ነገረቻቸው። «አባዬ፣ እኔ ዳላስ አልሄድም።»

የቆረሱት እንጀራ እጃቸው ላይ ቀረ። «ለማን ብለሽ?»

«ለራሴ። ሥራዬም ትምህርቴም እዚህ ነው። ደግሞ... አንድ ልጅ አለ።»

«ሳትነግሪኝ?»

«አንተስ ዳላስን መቼ ነገርከኝ?»

እናቷ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አቶ ተሻገር ግን ሳምንቱን ሙሉ አኮረፉ። እሷም ከቃሏ አልተመለሰችም፤ እዚያው አቅራቢያ ዊተን ከጓደኛዋ ከሰሊና ጋር አፓርታማ ተከራየች። እሑድ ጠዋት አባቷ ቡናቸውን እየጠጡ፣ ቀና ሳይሉ «በሉ ይምጣና እንየው» አሉ።

ዘርትሁን መጣ። ደጋግሞም መጣ። የጉዞው ቀን ሶፋውን ከአቶ ተሻገር ጋር ተሸክሞ ጫነ። ዕቃው ሲያልቅ አቶ ተሻገር ላባቸውን ጠርገው ወደ ጥግ ወሰዱት።

«አደራ ልልህ ነበር። ግን እሷ ራሷን ታውቃለች። አንተ ብቻ አታስከፋት።»

«እሺ ጋሼ።»

የወላጆቿ የጭነት መኪና ተንቀሳቀሰ። ብሩክታይት እንባዋ እየወረደ፣ አባቷ በመስታወት እያዩ መሆናቸውን እያወቀች፣ የዘርትሁንን እጅ ያዘች።

አቶ ተሻገር ክላክሳቸውን አርዝመው ነፉት፤ ደግመው፣ ደጋግመው፣ መንገዱ ጥግ እስኪታጠፉ ድረስ፣ ልክ ሙሽራ እንደያዘ መኪና።