የመጭመቂያው ሙሽራ

የተዋወቁት በክርክር ነው።

እሷ በፍሳሽ ማጣሪያው ጣቢያ የላቦራቶሪ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወደ መጭመቂያው አዳራሽ ወረደች። ከከተማው ቤቶች የሚመጣው ፍሳሽ ተጣርቶ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ እዚያ ይደርሳል። እንዲቋጠር መድኃኒት ይቀላቀልበትና በሁለት ሰፋፊ ተሽከርካሪ ጨርቆች መካከል ተጨምቆ ውኃው ይወጣለታል። ሰሞኑን ግን እንደ ሾርባ ቀጥኖ እየወጣ የጭነት መኪናዎቹ በመንገዱ ሁሉ ያንጠባጥቡት ነበር። የሰፈሩ ሰው አቤቱታ ጽፏል።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ወጣት ባልደረቦቹ «ባለጣት» ይሉታል፤ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ዝቃጩን በጓንቱ ጣት እያሻሸ ስለሆነ ነው። እሷ መድኃኒቱ እንደበዛ ነገረችው። እሱ እንዳነሰ ነገራት።

«ለመሆኑ ስንት ጊዜ ሠርተሻል?» አላት።

«ሦስት ቀን።»

«እኔ ስድስት ዓመት።»

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሾርባ ስትሠራ ነው የኖርከው?»

እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የተናገረው ሰው አልነበረም። ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቁ ቀደመው።

ወደ ላቦራቶሪዋ ይዛው ወጣች። በስድስት ብርጭቆ አንድ ዓይነት ዝቃጭ ቀድታ፣ መድኃኒቱን ከትንሽ ወደ ብዙ እየጨመረች አማሰለችው። በሦስተኛው ብርጭቆ ዝቃጩ እንደ ረጋ ወተት ተቋጥሮ ወደ ታች ወረደ፤ ከላይ የቀረው ውኃ ጥርት አለ። በስድስተኛው ግን ተዝለገለገ። ባለጣት ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ብርጭቆውን ሳይሆን እሷን ነበር።

እሷም ብትሆን ሁሉን አታውቅም ነበር። የጠዋቱ ዝቃጭና የከሰዓቱ አንድ እንዳልሆኑ፣ ለውጡን ከብርጭቆዎቿ ቀድሞ የእሱ ጣት እንደሚያውቀው ቀስ በቀስ ተማረች። በሁለተኛው ሳምንት ከማሽኑ የሚወጣው ዝቃጭ በእጅ ሲይዙት የሚፈረፈር ሆነ። ሾፌሮቹ በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ ሰላም ይሏት ጀመር።

ደንቡ ናሙና በቀን ሁለት ጊዜ ይምጣ ይላል። ባለጣት በየሰዓቱ ያመጣ ነበር። እሷም ደንቡን ታውቃለች፤ ግን ምንም ሳትል ተቀብላ ትመዘግባለች። አንድ ቀን ባዶ እጁን መጣ።

«ናሙናው የታለ?»

«ረሳሁት።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ጎንበስ ብሎ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም። ወንበር ሳበችለት።

እናቷን በልጅነቷ ያጣች፣ በልብስ ሰፊ አባቷ እጅ ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ስለ ባለጣት ከእሷ ብዙ ሰምተው ስለነበር ላየው አሉ። ባለጣት እሑድ ከሰዓት መጣ። ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ የቀረውን ሽታ በሽቶ ጨርሶት ነበርና ሽማግሌው አባቷ እጁን ሳይጨብጡት በፊት ሁለት ጊዜ አነጠሱ። ቁጭ ካሉ በኋላ ስለ ሥራው ጠየቁት።

የሚመልሰውን ሌሊቱን ሲያጠና ነው ያደረው። ነገር ግን የተሰቀሉትን የተተኮሱ ኮቶችና የአባቷን ንጹሕ ጣቶች ሲያይ ልቡ ከዳው።

«መሐንዲስ ነኝ» አለ። «ቢሮ ነው የምውለው።»

እሷ ልታቀርብለት የያዘችውን ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠችው። አባቷ እውነቱን ያውቃሉ፤ በየምሽቱ የምትነግራቸው ስለዚያ መጭመቂያና ስለዚያ ጣት ነበር። ግን በክብር እስከ በር ሸኙት። ተመልሰው ሲገቡ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ ሽታ በሳሙና ይለቃል። በሥራው የሚያፍር ሰው ግን ነገ በሚስቱም ያፍራል።»

የሚያቃጥላትም ይኸው ነበር። እሷም ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከዚያው ዝቃጭ ጋር ነው። በራሱ እጅ ካፈረ ስለ እሷ እጅ ምን እያሰበ ኖሯል? ሰኞ ናሙና ይዞ ሲመጣ በሩን በትንሹ ከፍታ ተቀበለችውና መልሳ ዘጋችበት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ናሙናው ልክ እንደ ደንቡ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ መጣ።

በአሥረኛው ቀን በምሳ ሰዓት ባለጣት ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ፣ የጎማ ቦቲውን እንደተጫማ አውቶቡስ ተሳፈረ። በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ውስጥ ቀሚሷን የምትጠብቅ አንዲት ደንበኛ ነበረች።

«አባባ፣ የዚያን ዕለት ዋሽቻለሁ» አለ። «እኔ ዝቃጭ ጨማቂ ነኝ። የከተማው ቆሻሻ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ልጅዎ እስክትመጣ ድረስ በደንብ እንኳ አልሠራውም ነበር። አሁን ግን በደንብ እሠራዋለሁ።»

ሴትዮዋ ሻርፗን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። ሽማግሌው የጀመሩትን ስፌት እስከ ጫፍ ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ልጃቸው ልካው እንደሆነ ጠየቁት። እንኳን ልትልከው ሰላምታም እንደነፈገችው ነገራቸው። ቀጥለው ዝቃጭ እንዴት እንደሚጨመቅ ጠየቁት። ፍርሃቱን ረስቶ ማስረዳት ጀመረ፤ መድኃኒቱ ሲያንስ እንደማይቋጠር፣ ሲበዛ ጨርቁ ላይ እንደሚለጠፍ፣ ልኩን ሲያገኝ ግን ውኃው ኩልል ብሎ እንደሚወርድ። ሳይታወቃት ሻርፗን የለቀቀችው ሴትዮ የደረቀው የት እንደሚሄድ ጠየቀችው።

ሽማግሌው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ከኋላው ቆሙ።

«ቀጥ ብለህ ቁም።»

«ለምንድን ነው አባባ?»

«ለኮት ነው። እሺ ካለችህ ትለብሰዋለህ። እምቢ ካለችህ ለሌላ ሰው አስተካክለዋለሁ።»

ሲመለስ ብርጭቆዎቿን እያጠበች አገኛት። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት፤ በሥራው እንዳላፈረ፣ እሷን ማጣት ፈርቶ እንደዋሸ፣ ዳግም እንደማይዋሽም ነገራት። እሷ ፊቷን ሳታዞር የያዘችውን ብርጭቆ ደጋግማ አለቀለቀች።

«አውቶቡስ ውስጥ ሰው አልሸሸህም?» አለችው በመጨረሻ።

«ሸሽቶኛል። ብቻዬን ሁለት ወንበር ይዤ ሄድኩ።»

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየና የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። ስትዞር እየሳቀች ነበር።

«ሁለት ወንበርማ ለሁለት ሰው ነው» አለች።

ከሦስት ወር በኋላ ተጋቡ። ኮቱ ልክክ ብሎለታል። በሠርጉ ላይ ሙሽራው ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ሁሉ መልሱን የሚያገኘው ከአማቱ ነበር። ሽማግሌው ሁለት መዳፋቸውን እንደ ማሽኑ ጨርቆች እያጣበቁ፣ ዝቃጩ ከየትኛው ጉድጓድ መጥቶ እንዴት እንደሚጨመቅ አንድም ሳያስቀሩ ያስረዱ ነበር። ሙሽራይቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ጆሯቸው እስክትጠጋ ድረስም አላቆሙም።

«አባዬ» አለቻቸው ሳቋን እየዋጠች፣ «እንግዶቹ እኮ እየበሉ ነው።»