የአባቴ ማኅተም ያለበት ጽዋ

ውሸት ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን በገዛ እጄ የነካሁትን ነው የምነግራችሁ።

ቦታው ሃጊ ከተማ፣ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር። ሰዓቱ እኩለ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ።

አባቴ ገንጂሮ ከሞተ አርባ ዘጠኝ ቀኑ አልፏል። በሻይ ጽዋ ሥራው ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። እኔ ቺጉሳ፣ አንዲት ልጁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ከምድጃ የወጣ ጽዋዬን ገልበጥ አድርጎ ያየዋል...

ከዚያ በመዶሻ።

አንድም አላስተረፈልኝም። አንጀቴን እንዳሳረረው ሞተ።

በቤታችን ወግ፣ ሠሪው ሲሞት ማኅተሙ አብሮት ይቃጠላል። እኔ ደበቅኩት። አንድ ጽዋ ሠራሁና ጭቃው ሳይደርቅ እግሩ ላይ፣ ከታች መቀመጫው ላይ አተምኩበት። በእሱ ስም ካስመሰገንኩት በኋላ "የኔ ነው" ልል ነበር። የሞተ ሰው እንዴት ያፍራል አትበሉኝ።

ያን ቀን የሻይ ሥነ ሥርዓት መምህሩን ኩዋባራን ጋበዝኩ። ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። ገልብጦ አየው... ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ገንጂሮ ከሠራው ሁሉ ይሄ ይበልጣል።"

"መምህር... የኔ ሥራ ነው። ማኅተሙን ሰርቄ ነው።"

የጽዋውን እግር ወደኔ አዞረው።

"ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ። የጣቶቹን ምልክት እዪ።"

ጽዋ ቀለም ውስጥ የሚነከረው እግሩ ተይዞ ነው። ጣት ያረፈበት ሳይቀባ ይቀራል። የኔ አምስት ጣቶች መታየት ነበረባቸው።

ቆጠርኩ...

አራት።

የአባቴን ትንሿን ጣት ገና በጎረምሳነቱ መጋዝ ወስዷታል።

ንዴት ነው ፍርሃት፣ እኔ እንጃ። ጽዋውን ነጠቅኩትና ልሰብረው ወደ ሥራ ቤቱ ሮጥኩ።

በሩን ስከፍት የሸክላ መሥሪያው መንኮራኩር ይዞራል... ቀስ ብሎ።

ጭቃ ከነካሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። መንኮራኩሩ ላይ ግን አዲስ ጽዋ ተደፍቷል። እርጥብ። እግሩ አሁን ነው የተቀረጸው፤ ፍቅፋቂው ገና ዙሪያው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ውብ ነገር ዕድሜ ልኬን ብለፋ አልሠራም።

እግሩ ላይ ስም ተጽፏል።

የኔ ስም... በአባቴ የእጅ ጽሑፍ።

ኩዋባራ እያለከለከ ከኋላዬ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ አነበበው።

"ይሄኛውስ... ያንቺ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነበር።

"አዎ" አልኩት።

መንኮራኩሩ መዞሩን ያቆመው ያኔ ነው።