ያልተነካው የሩዝ ገንፎ

የስቱዲዮው ፊልም ጠባቂ ሽማግሌው ማንግ ፎርቱናቶ ከፊልም መደርደሪያው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ፣ በድን ሆኖ ተገኘ። ሰሞኑን ጠብ ያላለው ዝናብ የማኒላን ቆርቆሮ መደብደብ የጀመረው በዚያው ጠዋት ነበር።

ፔርላ አንድ ቦታ መርጋት አቃታት። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች። መርማሪዋ ሚላግሮስ ባሊንጊት ሬሳውን አይታ ስታበቃ ወደ እሷ ዞረች።

«ትናንት ከሽማግሌው ጋር የተጨቃጨቅሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ። የአባቴን ፊልም አሳዩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ‹አርጅቷል፣ አንዴ ከዞረ ይበጣጠሳል› አሉኝ። በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። አሁን እሳቸውም የሉም፣ ፊልሙም የለም!»

ምን ታድርግ! ከተማዋ በጦርነቱ ስትነድ እሷ ገና በእናቷ ሆድ ነበረች። አባቷም ፎቶዎቹም አብረው ነደዱ። የዚያ ዘመን ፊልም ስንቱ አመድ ሆኖ ቀረ! አባቷ ራሱ ሠርቶ ራሱ የተወነበት አንዱ ግን ባለፈው ወር ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተገኘ። መልኩን የምታይበት ሌላ ምንም የላትም።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የተቆረጠ ፊልም እየቀጠለች የምትሠራው ፔርላ፣ የስቱዲዮው ባለቤት ዶን ኪንቲን፣ እና አገር ያከበረው ዳይሬክተር ቴዎዶሮ ሳልሴዶ፣ ሁሉም «ዲሬክ» የሚለው።

«ካቴናውን ላምጣው?» አለ ሃምሳ አለቃው ፔርላን እያየ።

«ምን አስቸኮለህ?» አለችው ሚላግሮስ።

ዶን ኪንቲን የተቃጠለ ጣቱን አሳያት። «እኔማ ትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ዲሬክ ቤት አሳማ ስጠብስ ነበር። ዛሬ ለልጅ ልጁ የክርስትና አባት አይደለሁ? እሱ ግን አምሽቶ መጣ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

«ቀረጻው አቆይቶኝ ነው። ከዚያ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ፣ ልጄ» አለ ዲሬክ።

ሚላግሮስ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ፔርላ፣ ከዚያም ወደ ዲሬክ ሰፈር ወጣች። ስትመለስ ከዲሬክ ቤት በር ፊት ለፊት የሩዝ ገንፎ የምትሸጠውን አሊንግ ቤባንግን አስከትላለች። ሰዎቹን ሁሉ በፊልም ማያው ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ኧረ ዲሬክ!» አለች አሊንግ ቤባንግ ገና ሳትቀመጥ። «ትናንት ገንፎ አዝዘው አንዲት ማንኪያ ሳይቀምሱ ሄዱ። ምን አጎደልኩ ብዬ ሳዝን አደርኩ እኮ!»

«ቤትዎ ማዶ ነው፣ የተጠበሰ አሳማ ይጠብቅዎታል» አለች ሚላግሮስ። «ካልራብዎት ለምን ተቀመጡ?»

«ዝናቡ እስኪያባራ።»

«ዝናቡ የጀመረው ዛሬ ጠዋት ነው።»

ሚላግሮስ ወደ ስቱዲዮው ባለቤት ዞረች።

«ዶን ኪንቲን፣ እኛ ከለቅሶ ቤት ወጥተን በቀጥታ ቤታችን እንገባለን?»

«በስመ አብ! የሟቹ ነፍስ ተከትላን ትገባለቻ! መጀመሪያ አንድ ቦታ አረፍ ብለን አራግፈናት ነው እንጂ። ያልተጠመቀ ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነማ...» ቃሉ አፉ ላይ ቀረና ዲሬክን ዞሮ አየው።

«ትናንት ማንም መሞታቸውን አላወቀም» አለች ሚላግሮስ። «ዲሬክ ታዲያ የማንን ነፍስ እያራገፉ ነበር? ፔርላ ከዚህ ወጥታ በቀጥታ የታመመች እናቷ አልጋ አጠገብ ነው የተቀመጠችው፤ ጎረቤቶቿ አይተዋታል። ሬሳ አይታ ቢሆን በምን ልቧ?»

የዲሬክ ትከሻ ወደቀ።

«ስሜን ያስጠራው ፊልም የአባትሽ ነው፣ ፔርላ። ከጦርነቱ በኋላ አንድም ሳላስቀር ቀዳሁት። ተቃጥሏል ብዬ ነበር። ፎርቱናቶ ትናንት ጥቅልሉን በብርሃን ሲያየው ገባው። አስጠርቶ ‹ለልጅቷ ንገራት› አለኝ። ገፋሁት። ይሞታል አላልኩም።»

«ፊልሙስ?» ፔርላ «አንቱ» ማለት ጠፋት። «አቃጠልከው?»

«መኪናዬ ውስጥ ነው። ክብሪት ጭሬ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ለዲሬክ አጠለቀለት።

«ማስረጃ ነው፣ ማየት አለብን» አለች ሚላግሮስ፣ ፔርላን ሳታያት።

ከሰዓት በኋላ የፊልም ማሳያው ማሽን ኳኳታውን ጀመረ። አንድ ቀጭን ወጣት ከግድግዳው ላይ ሳቀላቸው። ፔርላ አፏን በእጇ ያዘች። አጠገቡ ሌላ ወጣት ብቅ አለ፤ ዲሬክ ነው፣ ገና ጺም ያላበቀለ። አባቷ ባርኔጣውን አውልቆ በጓደኛው ራስ ላይ ደፋለትና አቀፈው። ፊልሙ እዚያ ላይ ተበጠሰ።

የማሽኑ መንኮራኩር ባዶውን ይሽከረከራል። የሚያጠፋው ሰው አልነበረም።

«ጥርሱ ፍንጭት ነው» አለች ፔርላ እያለቀሰች። «እንደ እኔ።»