ስምንት ሰዓት ላይ የሚሰማው ሞረድ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምጽፈው። የጨመርኩት የለም፤ ስም እንኳን አልቀየርኩም።

አስፈሪ ነገር ሁሉ በሌሊት የሚጀምር ይመስላችኋል፣ አይደል?

የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው የጀመረው። ሐዋሳ፣ ከመናኸሪያ ጀርባ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት...

ባለቤቴ ክብሩ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። መደብሩ ሁለት ጊዜ በሌባ ከተሰበረ በኋላ ፈቃድ አውጥቶ አዲስ ሽጉጥ ገዛ። እኔ ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ሆዴ ገፍቷል። ሴት መሆኗንም በምርመራ አውቀናል።

"ቤት ሕፃን ሊመጣ አንተ ብረት ታመጣለህ?" አልኩት።

"ለእናንተው ብዬ ነው" አለኝ።

ሽጉጡ አዲስ ይሁን እንጂ ጠርዙ እንደ ቆርቆሮ ጫፍ ይቆርጣል። ገና እንደያዘው አውራ ጣቱን ቀደደው። ክብሩ ደግሞ ባለሙያ መጥራት ሞቱ ነው። ቧንቧው ቢያፈስ እሱ፣ መብራቱ ቢበላሽ እሱ። ከመደብሩ ትንሽ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጣ።

ብረቱን ጠፍንጎ የሚይዝ ሞርሳ ግን ቤት የለንም።

"ሳምሪ፣ ነይ ያዢልኝ" አለኝ።

ጥይቱን አወጣ። ባዶ መሆኑን ደጋግሞ አየ። ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝና ሆዴ ላይ አስደግፌ፣ በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት። እሱ በቀኝ በኩል ያለውን ጠርዝ መሞረድ ጀመረ።

ክርት... ክርት... ክርት...

ድምፁ በጆሮ ብቻ አይደለም የሚገባው። በእጅ አጥንት አልፎ ሆድ ውስጥ ይደርሳል። ብረቱም እየተሞረደ ሲሄድ ጨርቁን አልፎ ይሞቃል።

ልጄ መራገጥ አቆመች።

"እያዳመጠች ነው" ብሎ ሳቀ ክብሩ።

እናቱ እማማ ብርሃነሽ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝተው ሲመለሱ እንዲህ ሆነን አገኙን። ፌስታላቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ።

"ተው ክብሩ... እርጉዝ ላይ ብረት አይሞረድም።"

"ቢሞረድ ምን ይሆናል፣ እማዬ?"

"እኔ ምን አውቄ? አይሆንም ሲባል ነው የሰማሁት።"

ሳቅንባቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ክብሩ ሥራውን ሊጨርስ ሽጉጡን ከቁም ሳጥኑ አወጣ። አገላብጦ አየው።

"ግራውን ማን ነካው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"የቱን?"

"እኔ የሞረድኩት ቀኙን ብቻ ነው።"

እውነቱን ነው፤ ይዤለት የለ? አሁን ግን የግራው ጠርዝ ከቀኙ ይበልጥ ለስልሷል። መያዣው ላይ ደግሞ ትንንሽ ጎድጓዳ ነገሮች ወጥተዋል። አራት ናቸው፣ ጎን ለጎን... ጣት የሚያርፍባቸው ይመስላሉ።

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከክብሩ ኪስ አልወጣም።

"እስቲ ጣትሽን አስገቢው" አለኝ።

አልገባም። የትንሿ ጣቴ ጫፍ እንኳን አልገባም።

ተያየን። ከመካከላችን ማንም "የማን እጅ ነው?" ብሎ አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ምሳ እየበላን ነበር። ክብሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የዓሣ እሾህ ይለቅማል። ሁለቱም እጆቹ ይታዩኛል።

ክርት... ክርት...

"ትሰማለህ?"

"እሰማለሁ" አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ከቁም ሳጥኑ ነው ብዬ ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ። ድምፁ ያው ነው። ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ያው ነው። ግቢ ወጣሁ... አልራቀም፣ አልቀረበም።

ክብሩ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ሳምሪ..." አለ ቀስ ብሎ። "አንቺ ስትሄጂ አብሮሽ ይሄዳል።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተንበረከከና ጆሮውን ሆዴ ላይ አደረገ።

ክርት...

ቀና ሲል ፊቱን አላወቅኩትም። ምን ሰማህ ብዬ ለመንኩት። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

በዚያኑ ዕለት ሽጉጡን ወስዶ ፖሊስ ጣቢያ አስረከበ። ድምፁ ቆመ፤ ልጄም እንደ ድሮዋ መራገጥ ጀመረች። እማማ ብርሃነሽ እጃቸውን ሆዴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ። ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ሁሉ አንድ ሆነ፦ ልጄ ብቻ ደህና ትሁን።

በሰላም ወለድኩ። አልቅሳ፣ ጤነኛ ሆና መጣች። እማማ ብርሃነሽ "ጌታ ይባረክ!" ብለው ተቀበሏት።

ቀኝ እጇ ተዘርግቷል። ግራ እጇ ግን ተጨብጧል...

ደም ጨብጦ የተወለደ ደም ያፈሳል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። አማቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ መክፈት ጀመሩ። እኔ ከአልጋው ቀና አልኩ።

"ደም ነው?" አልኳቸው።

"አይደለም።"

"ተመስገን!"

እሳቸው ግን ተመስገን አላሉም። መዳፏን በነጠላቸው ጠረጉት። ነጠላው ላይ ግራጫ ብናኝ ቀረ። በመስኮቱ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል። ነጠላው ስንት ጊዜ ታጥቧል፣ እስካሁን አለቀቀም።

ስሟን ሳያት አልናት። አሁን መዳህ ጀምራለች። ሳቂታ ናት፤ ያያት ሁሉ ይወዳታል።

የሕፃን ጥፍር ምን ያህል ቶሎ እንደሚያድግ የወለደ ያውቀዋል። እኔ የገዛሁት ጥፍር መቁረጫ ግን እስካሁን ከማሸጊያው አልወጣም። ከምሳ በኋላ ተኝታ ስምንት ሰዓት ላይ ስትነቃ፣ ጥፍሮቿ ሁልጊዜ ክብና ለስላሳ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ሲነኳቸውም ይሞቃሉ።

ክብሩ ግራ እጇን ይዞ አያውቅም።

ዛሬ እኔም ከጎኗ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አፍጥጣ ታየኛለች። አውራ ጣቴን በግራ እጇ ይዛዋለች። ጥፍሬ ክብና ለስላሳ ሆኗል... ይሞቃል።

ጣቴን ላስለቅቅ ሞከርኩ።

አጠበቀችው።