የተከፈተው ኪስ

እናቷ የደንበኞች ልብስ የተሰቀለባቸውን ማንጠልጠያዎች ከዳር እስከ ዳር እንደገና ስታገላብጥ፣ ፌንጣ የሂሳብ ደብተሯን ገልብጣ መያዟን እንኳ ልብ አላለችም።

«እዚህ ነበር! በእነዚህ እጆቼ ነው የሰቀልኩት!» አለች እናቷ። አንገቷ ላይ ያለው ሜትር ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። «ይህን የሚያህል ኮት እንደ መርፌ ይጠፋል እንዴ?»

«አይዞሽ እህቴ፣ ኮት እግር የለው» አሉ ኮታቸውን ሊወስዱ የመጡት ጡረተኛ ሹፌር። ነገ ልጃቸውን ይድራሉ፤ የቀሩትን ልጆቻቸውን ሱሪም እሷው ጋ ሊያሰፉ ተነጋግረዋል። በርጩማው ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ አሁንም መሪ የያዙ ይመስል ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ኮት እግር የለውም፤ ልክ ናቸው። አባት ግን እግር አለው።

ፌንጣ የሚሏት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነበር። ዛሬ ግን ከወንበሩ ጋር አብራ የተሰፋች ይመስል ንቅንቅ አላለችም።

አባቷን የድሮ ሰፈራቸው ሰው «ሚኒስትሩ» ይለው ነበር። ደንበኛ ለማሳጠር ወይም ለማስጠበብ የተወውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ይወጣል። ለአንዱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ለሌላው ባለ ብዙ ቤት አከራይ ሆኖ ሲያታልል ይውልና፣ ሲመሽ ልብሱን በቦታው ይሰቅላል። አንድ ቀን የተታለሉት ሰዎች ተያይዘው መጡ፤ ያወቁት ፊቱን ሳይሆን ልብሱን ነበር። እሱ በጓሮ ወጣ። እናቷ የፊቱን በር ይዛ ስድቡን ሁሉ ተቀበለች። ደንበኛ እንደ ጤዛ ረገፈባት፤ ሰፈርም ቀየሩ።

እናቷ ደንቧን ያወጣችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያለቀ ልብስ ኪሱ በነጭ ክር ይሰፋል፣ ክሩን የሚበጥሰው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሰው ወደደላት። «የሷ ልብስ እንደታሸገ መድኃኒት ነው» እያለ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ ይሄ አባት ነው ከሁለት ወር በፊት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ብቅ ያለው። በእጁ አረንጓዴ ሚንት ከረሜላ ይዟል፤ ድሮ ከሥራ ሲመለስ፣ ማለት «ከሥራ» ሲመለስ፣ ያመጣላት የነበረውን። ያን ሁሉ ዓመት ያኮረፈች ልጅ በአንድ ከረሜላ! ግን ሳቁ ያው ነበር፤ እሷ የናፈቀችው ሳቁን ነው።

«ለእናትሽ አሁን አትንገሪያት» አላት። «ሥራ ይዤ፣ ሰው ሆኜ ነው የምመጣው።»

አልነገረቻትም። «ጥናት አለን» እያለች ታገኘው ጀመር። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ፣ «ፌንጣዬ፣ ነገ ለሥራ ሊያነጋግሩኝ ነው። በዚህ ሹራብ ከሄድኩ ዘበኛው ሳንቲም ሰጥቶ ይመልሰኛል። አንድ ኮት ብቻ፣ ለአንድ ቀን» አላት። እናቷ ክር ልትገዛ ስትወጣ ኮቱን በአጥሩ ላይ አቀበለችው። ሳይታይ እንዲመልሰውም የቤቱ ቁልፍ ደጃፉ ላይ እሬት ከተተከለበት ጣሳ ስር እንደሚቀመጥ ነገረችው። አርብ ጠበቀችው። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

«ቤቶች!»

በሩ ላይ አባቷ ቆሟል። ኮቱን በማንጠልጠያ አድርጎ በአንድ ጣቱ ይዞታል።

የእናቷ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ የሠርጉ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አለ አባቷ፣ ለማንም ፋታ ሳይሰጥ። «አስጠበቅንዎት! ካውያ ቤት ወስጄ አስተኩሼው ነው። ባለቤቴ እንቅልፍ አጥታ ትሠራለች፤ እስቲ አንድ ቀን ላግዛት ብዬ።»

ባለቤቴ! እናቷ ከንፈሯን ነከሰች። ደንበኛ ፊት ምን ትበል?

«ባልሽ ናቸው? አንቺ፣ እንዲህ ያለውን ሰው የት ደብቀሽው ኖሯል?» አሉ ሹፌሩ ደስ ብሏቸው። «ይቀመጡ እንጂ!»

ተቀመጠ። እግሩን አነባበረና ለፌንጣ ጠቀሳት። ክፍሉ የጠበበ መሰላት፤ በዚህ በኩል የስፌት መኪናው፣ በዚያ በኩል የአባቷ ፈገግታ። ዝም ካለች ሚኒስትሩ ተመልሶ ወንበሩን ያዘ። ከተናገረች ደግሞ ደንበኛው ከነወሬው ወጣ፤ ሰፈር መቀየር እንደገና ነው።

ሹፌሩ ኮቱን ለብሰው መስታወቱ ፊት ቆሙ። ክሩን ሊበጥሱ እጃቸውን ወደ ኪሱ ሲሰዱ፣ እጃቸው ሰተት ብሎ ገባ። ሲወጣ አረንጓዴ ከረሜላ ይዟል። የተበጠሰው ነጭ ክር ከኪሱ አፍ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? የኔ ኪስ ተከፍቷል እንዴ?»

እናቷ ከረሜላውን አየች። ያንን ከረሜላ ታውቀዋለች።

«አይ ይቺ ልጅ!» ብሎ ሳቀ አባቷ፤ ቶሎ ነው የሳቀው። «ፌንጣ ናት! ኪስ ካየች አያስችላትም። ልጅ ናት ጋሼ፣ ይለፏት።» ዓይኑ ግን፣ ያዢልኝ፣ ለአንቺ ቀላል ነው፣ ይላታል።

በእርግጥም ቀላል ነበር። እናቷ ትቆጣታለች፣ ያልፋል። ፌንጣ ራሷን ልትነቀንቅ ምንም አልቀራትም። ግን እናቷ አባቷን አትመለከትም፤ የምትመለከተው እሷን ነው።

«አልተተኮሰም» አለች ፌንጣ። «ለብሶት ነው የሰነበተው። ለሥራ ሊያነጋግሩኝ ነው ሲለኝ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ። ጥናት አለን ስልሽ ከሱ ጋር ነበርኩ።»

«ምን ነካሽ፣ ፌንጣዬ…» አለ አባቷ።

ሹፌሩ እጅጌውን አሸተቱ። «እኔም ሽቶ ሽቶ ሲለኝ፣ ሠርጉ ቀድሞኝ ተጀመረ እንዴ እያልኩ ነበር።» ኮቱን በዝግታ አውልቀው ለእናቷ ሰጡ። «ኪሱን ዝጊልኝ። የምከፍተው እኔ ነኝ።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የልጆቹን ሱሪ ነገር ግን፣ እንግዲህ ከሠርጉ በኋላ እናያለን።»

እናቷ ነጭ ክር በመርፌ አሾለከች። ቀና ሳትል፣ «ሥራውን አገኘኸው?» ብላ አባቷን ጠየቀችው።

አባቷ ብድግ ብሎ የሹራቡን እጅጌ ጎተተ።

«በሩ ያውልህ» አለች እናቷ።

ሹፌሩ ኮታቸውን ይዘው ሲሄዱ እሱም ወጣ። «ካንቺ ጋር ደግሞ ገና እንነጋገራለን» አለቻት እናቷ። ፌንጣ ራሷን ነቅንቃ አባቷን ተከትላ ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑ ወደ እሬቱ ጣሳ ሄዶ ተመለሰ።

ጎንበስ አለችና ጣሳውን አነሳች። አፈር የያዘውን ቁልፍ በቀሚሷ ጠርጋ በጡጫዋ ጨበጠችው።

«አንቺም?» አላት።

«አንኳኳ፣ አባዬ። እማዬ እያለች መጥተህ አንኳኳ።»

እጁን እንደ ልማዱ ለከረሜላ ወደ ደረቱ ሰደደ። ሹራቡ ግን ኪስ አልነበረውም።

ቤት ገብታ ቁልፉን ከእናቷ መቀስ አጠገብ አስቀመጠችና በሩን ዘጋች። ከዚያ ወንበሯን አንስታ ወደ በሩ ጠጋ አደረገችው፤ የሚያንኳኳ ካለ እንድትሰማ።