የጲላጦስ ሪትሪት

«ጲላጦስ ምን ደግ ነገር ሠርቶ ነው በስሙ ሪትሪት የሚዘጋጀው?»

አለች የብሩክታይት እናት ከደጅ እየገባች። እናቷ አስካለች የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ያየችውን ጽሑፍ ሁሉ ሳታነብ አታልፍም። ዛሬም ለወገቧ ሕክምና ሄዳ፣ የሆስፒታሉ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፊደል በፊደል አንብባ መጥታለች።

«ሲስተር ትርሐስ ስምሽን ልመዝግብ አለችኝ። ጉኑኖ ሄዶ፣ አድሮ ማረፍ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ፣ በነፃ። እኔ ግን ለጲላጦስ አልሄድም ብዬ መጣሁ።»

«ጌታችንን አሳልፎ የሰጠው ጲላጦስ?» አሉ አያቷ ቦሼ ከአልጋቸው። «እጁን ታጥቦ ሲያበቃ አሁን ደግሞ ወገብ ሊያሽ መጣ?»

ሦስቱም ሳቁ። አስካለች ግን ሳቋን ሳትጨርስ ወገቧን ያዘች። ባሏ ካረፈ ወዲህ፣ ከአልጋ የማይነሱትን አማቷን ቦሼን የምታገላብጠው ብቻዋን ነው።

በማግስቱ ብሩክታይት ነገሩን ትምህርት ቤት ለጓደኛዋ ለመቅዲ ስትነግራት፣ መቅዲ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አንቺ! ፒላተስ እኮ ነው! ስፖርት ነው ባክሽ። እማዬ ትንሹን ወንድሜን ከወለደች በኋላ ወገቧ የተሻላት በሱ ነው። በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ቀስ ብለሽ እየተነፈስሽ ሆድሽንና ወገብሽን ታጠነክሪበታለሽ። ደግሞ ሪትሪት ሲሆን ማን ይጠራሻል? ሥራ የለ፣ ምን የለ።»

ብሩክታይትም ሳቀች። ወዲያው ግን መጪው ቅዳሜ ትዝ አላት።

ቅዳሜ ሁለቱ ያሉበት የወጣቶች መዘምራን ቦዲቲ ሄደው ይዘምራሉ። የመቅዲ አባት ከሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ተዛውሯል፤ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ፣ መቅዲን ከቦዲቲ ይዟት ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። አብረው የሚዘምሩት ለመጨረሻ ጊዜ ነው። እናቷ ጉኑኖ ከሄደች ግን ከአያቷ ጋር የሚውል ሌላ ሰው የለም።

ዝም ብትል ይበቃል። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም። እናቷ ራሷ አንብባ፣ ራሷ እምቢ ብላለች።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። እናቷ አያቷን አገላብጣ ሳትጨርስ እንደጎበጠች ቀርታለች። መቃናት አልቻለችም። ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፋ ታቃስታለች። አያቷ ፀጉሯን እየዳበሱ ያለቅሳሉ።

«ተይኝ፣ ልጄ። እንዲሁ ልተኛ። አንቺን ሰብሬ ነው እኮ የምኖረው።»

ብሩክታይት ቦርሳዋን መሬት ጣለች። እናቷን በብብቷ ይዛ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻት።

«እማ፣ ያን ጽሑፍ ተሳስተሽ ነው ያነበብሽው።»

«የቱን?»

«ጲላጦስ አይደለም። ፒላተስ ነው። የወገብ ስፖርት።»

አስካለች አፈረች። ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ፊደሎቹን እንደገና ቆጠረቻቸው። «ፒ... ላ... ተስ።» ቆይታ ቀና አለች። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ማክሰኞ።»

እናቷ አየቻት። ለምን ዝም እንዳለች አልጠየቀቻትም። «ቅዳሜ ቦዲቲ ልትዘምሩ ነበር አይደል?»

«ቀርቷል» አለች ብሩክታይት።

ቅዳሜ ጠዋት አስካለች ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጉኑኖ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ የመዘምራኑ ሚኒባስ በመንገዱ አለፈ። መዝሙሩ እቤት ድረስ ይሰማል። አያቷ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ያንቺ ጓደኞች አይደሉም እንዴ?»

«ይመስለኛል» አለችና ትራሳቸውን አስተካከለች።

አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ብሩኬ፣ በጀርባዬ ተኛሁ! በቀን! ሲስተር ትርሐስ ‹ትንፋሽሽን ልቀቂው› አለችኝ። ስለቀው አለቀስኩ። አባትሽ ካረፈ ጀምሮ ይዤው የኖርኩ መሰለኝ። ወገቤም ላላ ብሎልኛል። አያትሽን ጉልበቴን አጥፌ እንጂ በወገቤ ማንሳት እንደሌለብኝ አሳየችኝ። ላንቺም አሳይሻለሁ። ግን ብቻሽን ከከበደሽ፣ ዛሬውኑ ልምጣ?»

ብሩክታይት በመስኮቱ የቦዲቲን መንገድ አየች።

«አይ፣ እማ። ነገም እዚያው ዋዪ።»

መቅዲ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። አስካለች ጉኑኖ አደረች። ብሩክታይት ከአያቷ ጋር ቀረች።